ጡሩንባ ፍለጋ ወደ ጨፋ ሜዳ

እሑድ፣ ከሌሊቱ 10:40፣ ላምበረት መናኸሪያ

ሰው ወደ ወሎ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ ነው፣ ሰርግ ሊበላ ነው፣ ቢቸግር ቢቸግር ፍየል ሊገዛ ነው። እኔ የምሄደው ጡሩንባ ልሰማ ነው። ይህንኑ ለሚኒባሱ ሾፌር ስነግረው ክላክሱን ሁለቴ አንባረቀውና «ይኸው ሰማሽ፤ በይ ውረጂ» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳቅ ቆዳዬ ደንድኗል።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች ልንገራችሁ። እንጀራዬ መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ነው። እብድ ፍቅሬ ግን ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ሳይረን የምንላቸው የድሮ የአደጋ ጡሩንባዎችና ባቡር ከመንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚተከሉ ምልክቶች። ሌላው ድሬዳዋ ሄዶ ከዚራ ጥላ ሥር ሲንሸራሸር እኔ አንድ የተጣመመ የማቋረጫ ምልክት ሥር ሁለት ሰዓት ቆሜ ተመልሻለሁ። እናቴ ያን ጊዜ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። የሱቅ ጎረቤቶቼ «አምቡላንስ» ይሉኛል።

የዛሬው ጉዞ መነሻ ቴሌግራም ላይ ያየሁት የዘጠኝ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። አንድ ሽማግሌ በእጅ የሚዞር፣ በሦስት እግሩ የቆመ፣ ቀለሙ የለቀቀ ቀይ ጡሩንባ ያሽከረክራሉ። ድምፁ ከመሬት ተነስቶ ሰማይ ሲደርስ ቪዲዮው ያልቃል። እኔ ሱቄ ውስጥ ብድግ አልኩ። ቪዲዮውን የለጠፈውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት፤ ጀማል ይባላል፣ ከሚሴ ባጃጅ ይነዳል። «ይኸ ጡሩንባ ዓመቱን ሙሉ ዝም ነው» ብሎ ጻፈልኝ። «የሚጮኸው ወይ ቦርከና ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ወይ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ነው።» ጎርፍ እስኪመጣ ከምጠብቅ ረመዳን ይሻላል አልኩ።

ደግሞ ዘንድሮ ረመዳኑና ሁዳዴው ገጥመዋል። ሚኒባሱ ውስጥ የሚበላ አንድ አፍ የለም።

ከጠዋቱ 2:20፣ ጣርማ በር

ጉም። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ጭራ ብቻ ይታያል። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ክላክሱን ረጅም አድርጎ ነፋው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሄዶ፣ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣ አይሱዙ በወፍራም ድምፅ መለሰለት። ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ «እባክህ አንዴ ድገመው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«ጤነኛስ አይደለሁም። ድገመው።»

ደገመው። እውነቱን ልናገር፤ ከእኔ በላይ እሱ ሳይደሰት አልቀረም፤ ሦስተኛውን ማንም ሳይጠይቀው ነው የነፋው።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። ዋጋው ካቻምና ከነበረው አድጓል፣ መስፈሪያዋ ግን ያው እያነሰች ነው። ሻጯን ይህንን ብላት «ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ነዋ የማመጣው» አለችኝ። ቆሎውን ለማታ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከካቻቢቴዬና ከፒንሳዬ ጎን ከተትኩት። መሣሪያዬን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ሌላዋ ሴት ሊፕስቲክ እንደምትይዘው ማለት ነው።

ከረፋዱ 4:30፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ

ብርዱ ደጋው ላይ ቀርቶ ሙቀቱ መስኮት በመስኮት ገባ። ጋቢዬን አውልቄ ተቀመጥኩበት። አንድ ኬላ ላይ ቆምን። ኬላው ገመድ ነው፤ ሰማያዊ የናይለን ገመድ፣ ጥቁርና ቀይ የፌስታል ቁራጭ እየተቋጠረበት መንገዱን የዘጋ። አንደኛው ጫፍ ግንድ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ ወንበር ላይ በተቀመጠ ጠባቂ እጅ ነው። ሲለቀው ገመዱ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ መኪናው ያልፋል። በዓለም ላይ ካሉ የመንገድ መዝጊያዎች ሁሉ ይኼን የሚያህል ቀላል ሥራ አይቼ አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁት። ስህተት!

«ምንድን ነው የምታነሺው?» አለ ጠባቂው ተነስቶ።

«ገመዱን።»

«ገመዱ ምን አለው?»

«ቆንጆ ነው።»

ሰውየው ዞሮ ገመዱን አየው። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማናት እቺ?» አለው። ሾፌሩም «ጡሩንባ ልትሰማ ነው የምትሄደው» ሲለው ጉዳዩ የባሰ ተወሳሰበ። ፎቶውን ዓይኑ እያየ አጠፋሁት። ስናልፍ ግን ገመዱን ከወትሮው ቀጥ አድርጎ ሲወጥረው በኋላ መስኮት አየሁ።

ከቀኑ 5:45፣ ሰንበቴ

የእሑድ ገበያ ነው፤ መንገዱ መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ከቆላ የወጡ አፋሮች ግመልና ፍየል ይዘው፣ ከደጋ የወረዱት በሬና በቅሎ ይዘው አስፋልቱ ላይ ተገናኝተዋል። ላብ፣ አቧራ፣ የበርበሬ ከረጢት፣ የፍየል ሽታ። ሾፌራችን ክላክሱን ነፋ። ግመሎቹ ግን ዞረው እንኳ አላዩትም። አንድ ቀጭን አፋር ምላሱን ከላንቃው ጋር አጋጭቶ አንዴ ቀጭ ሲያደርግ ግን ዐሥራ አራቱም በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ወጡልን።

ከመንገዱ ባሻገር አዲሱ የባቡር ሐዲድ በአጫጭር ግራሮች መሐል ሲያብረቀርቅ ብቅ ጥልቅ ይላል። ከዚህ በኋላ እስከ ጨፋ ሮቢት ድረስ አንገቴን ወደዚያው እንዳጣመምኩ ነው የሄድኩት።

ከቀኑ 7:30፣ ከሚሴ

ጀማል መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ዓመት ግድም የሆነው፣ ፈገግታው ከፊቱ የሚተርፍ ሰው ነው። ባጃጁ ቢጫ መጋረጃ አላት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «እህቴ፣ አንድ ነገር አለ» አለኝ።

«ምን?»

«ጡሩንባው ትናንት አልጮኸም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽማግሌው መንደር በጨፋ ሜዳ ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል። መብራት መጣ ሲሉት የሚሄድበት፣ የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ከመብራቱ ጋር የሚጠፋበት ቦታ ነው። ስለዚህ ማፍጠሪያ ደርሷል የሚለው ምልክት ያው በእጅ የሚዞረው ጡሩንባ ነው። ትናንት ሽማግሌው ሲያዞሩት ግርርር ብሎ ያዘ። ሰዉ ቴምሩን በእጁ እንደያዘ ጨለመበት።

«ሰይድ የሚባል መምህር አለ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ነው» አለ ጀማል። «በፀሐይ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ አስመጥቷል። ዛሬም ካልጮኸ ነገ ጡሩንባው ወርዶ መጋዘን ይገባል ተብሏል። አያ እንድሪስ ሌሊቱን አልተኙም ወላሂ።»

እንግዲህ ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር የመጣሁት ወይ ልሰማው ነው ወይ ልቀብረው ነው። ቦርሳዬን በጣቴ ነካሁት፤ ካቻቢቴው አለ።

ከቀኑ 8:40፣ ማቋረጫው

ጥርጊያው መንገድ ከሐዲዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጀማል ባጃጁን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ነጭና ቀይ የተቀቡ ሁለት ጣውላዎች ተጠላልፈው ምሰሶ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ጥቁር ቆብ የደፉ ሁለት መብራቶች አሉ። በቀኙ መብራት ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። እኔ ወርጄ ምሰሶውን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ጀማል ግን አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ያዳምጣል።

«ባቡር አለ እንዴ?» አልኩት።

«የለም።»

«ነበረ?»

«እኔ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ሞተር አጥፍተህ ምን ታደርጋለህ?»

«እስካሁን አልመጣም ማለት አሁን አይመጣም ማለት ነው? እኔ ሁለት ልጅ አለኝ።» ደጋግሞ አየና «ቢስሚላህ» ብሎ አስነሳ።

ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ቤቷ የሆነው ሀዋ የአያ እንድሪስ ልጅ ናት። በርዋ ላይ ካለው ግራር የጭነት መኪና ቸርኬ በሰንሰለት አንጠልጥላለች፤ ከጎኑ አንድ ክንድ ብረት ተቀምጧል። ባቡሩ ባይመጣም የሐዲድ ሠራተኞች የሚጭን ትንሽ የሞተር ጋሪ አልፎ አልፎ ድምፅ ሳያሰማ ከች ይላል። መብራቱ ስለማይበራ ሀዋ የራሷን ምልክት ሠራች። ልክ ይህንን እየነገረችኝ ሳለ ፊቷ ተለወጠ፤ ብረቱን አነሳችና ቸርኬውን ሦስት ጊዜ ጓ! ጓ! ጓ! አደረገችው።

አካባቢው ሁሉ ደረቀ። ጭድ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች በቆሙበት ቀሩ። አንድ ሰው ሊያስነጥስ የከፈተውን አፍ እንደከፈተ ቆመ። የተጫነች አህያ እንኳ፣ ማንም ሳይይዛት፣ አንድ እግሯን አንስታ ቀጥ አለች! ቢጫው ጋሪ አራት ሠራተኞች ጭኖ ሽው ብሎ አለፈ። ሠራተኞቹ እጃቸውን አወዛወዙልን። እኔ እያጨበጨብኩ መዝለሌን ያወቅሁት ሀዋ ስትስቅብኝ ነው።

«ይኸ ሲመታ ባለህበት ቁም ነው» አለችኝ። «ልጁም ከብቱም ያውቀዋል። እጅህ ጉርሻ ይዞ ቢሆን እንኳ አየር ላይ ይቆያል።»

ከቀኑ 9:15፣ የአያ እንድሪስ ግቢ

አያ እንድሪስ ሰባን የተሻገሩ፣ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ፣ ረጅም ሰው ናቸው። «አካም ጅርታ? ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ ጀመሩና አማርኛ ተናጋሪ መሆኔን ሲያዩ አልተቸገሩም፤ «ደኅና መጣሽ ልጄ፣ ተኢ፣ ተቀመጭ። ውኃ እንዳልሰጥሽ…» ብለው ቆም አሉ።

«እኔም ጾም ነኝ አያ፤ ሁዳዴ ነው።»

«ማሽአላህ! አንችማ የኛው ነሽ!»

ጡሩንባው ግቢው ጥግ፣ በድንጋይ ካብ ላይ፣ ቆርቆሮ ተከልሎለት ቆሟል። ከባድ ብረት ነው። ውስጡ መስኮት መስኮት ያለው ከበሮ አለ፤ መያዣው ሲዞር የማርሽ ጥርሶቹ ከበሮውን ብዙ እጥፍ ያፈጥኑታል፣ ነፋሱ በመስኮቶቹ እየተቆረጠ ይጮኻል። ድሮ ሜዳው ላይ የነበረ የእርሻ ድርጅት ሠራተኛ ይጠራበት ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ ጥበቃ የነበሩት አያ እንድሪስ ተረከቡት። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«ይኸ ፍጡር ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቅ» አሉኝ በመዳፋቸው እየደባበሱት። «‹ውኃ መጣ› እና ‹ብሉ›። ክረምት ከሆነ ሽሽ ነው፣ ረመዳን ከሆነ ብላ ነው። ለሰርግ አዙሩልን ብለውኛል፣ ለምርጫ አዙሩልን ብለውኛል፣ እንቢ። አንድ ቀን የዋሸ ጡሩንባ ጎርፍ ሲመጣ ማን ይሰማዋል?»

ቡሎኖቹን ፈታሁ። በሽታው ወዲያው ታየኝ፤ ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ውስጡ ያሉት ኳሶች ተፈጭተዋል። አዲስ ኩሽኔታ ካልገባ አይድንም። እሑድ ነው፣ ከሚሴ ደርሶ መመለስ፣ ሱቅ መፈለግ… በጣቴ እየለካሁት ሳለ ዓይኔ ባጃጇ ላይ አረፈ። ጀማልም ዓይኔን ተከትሎ አየ።

«ኧረ ባክሽ!» አለ።

«የፊት ጎማህን ኩሽኔታ ብቻ።»

«እሱ የሌላት ባጃጅ ምን ልትሆን ነው?»

አያ እንድሪስ መሬት መሬቱን አዩ። ጀማል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ባጃጇን አይቶ «አላህ ይክፈለኝ እንጂ» ብሎ ክሪኩን አወጣ። ኩሽኔታው ወጣ፣ ተጠረገ፣ ገባ፤ ልክክ! ሁለታችንም ጮኽን። ባጃጇ አፍንጫዋን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ቀረች።

ከቀኑ 11:30፣ እዚያው

ሰይድ መጣ። አስፈሪ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ለስላሳ፣ ትሑት፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። የድምፅ ማጉያውን ካርቶን በብብቱ ይዟል። ካቡ ሥር አስቀመጠውና «አያ እንድሪስ፣ አንቱን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ትናንት እናቴ ስትጠብቅ ራሷን አዞራት። አሁን እኮ ሰው ሁሉ ስልክ አለው፣ ሰዓቱን ያያል። ጡሩንባ የሚያምን ሰው የለም።»

«አብሽር ልጄ» አሉት። «ዛሬን እንይ።»

ሰይድ ካርቶኑን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም የጭንቅ ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ማንኛውንም የስፌት መኪና ጠግኜ ሳስረክብ እሞክራለሁ። የረመዳን ጡሩንባ ከማፍጠሪያ በፊት እንዴት ይሞከራል? አንዴ ካሰማ መንደር ሙሉ ጾም መፍረሱ ነው! ነገር ግን መፍትሔ አለው፤ ይህ ዓይነቱ ጡሩንባ ቀስ ተብሎ ሲዞር ይተነፍሳል እንጂ አይጮኽም። አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን አለበሱት፣ እኔ መያዣውን ያዝኩ። ቀስ… ቀስ… ህህህህ። ብረቱ እንደ ቅቤ ይሄዳል። አንድም ግርርታ የለም።

«ይበቃል ልጄ» አሉኝ።

ይበቃ ነበር። እውነት ነው፣ ይበቃ ነበር!

ከምሽቱ 12:12፣ ጥፋቴ

አያ እንድሪስ ለሶላት ውዱ ሊያደርጉ ገቡ፣ ጋቢያቸውንም አንስተው ሄዱ። ጀማል ባጃጇ ሥር ተኝቷል። እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን፤ እኔና ቀዩ ጡሩንባ። ሰው ፍቅሩ ፊት ለፊቱ ቆሞ እጁን ኪሱ ይከታል? አንዴ ብቻ፣ በዝግታ፣ የኩሽኔታውን ልስላሴ ልየው አልኩ። ህህህ። ትንሽ ጨመርኩ። ሁሁሁ። ሆን ብዬ አላፈጠንኩትም እላለሁ፣ ክንዴ ግን እኔን አልጠየቀም። ከብረቱ ሆድ አንድ ወፍራም፣ ክብ፣ የሚያምር «ኡኡኡ» ወጣና በሜዳው ላይ ተዘረጋ።

ማፍጠሪያ ገና ሃያ አንድ ደቂቃ ነበረው።

ጡሩንባውን አቅፌ ደረቴን ለጠፍኩበት። ሸሚዜን ቢበላውም ግድ አልነበረኝም። ድምፁ ሞተ፤ ግን ሄዷል፣ ጎጆ ለጎጆ እየገባ ነው። በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል፤ መቶ እጅ፣ መቶ ቴምር፣ መቶ አፍ። አያ እንድሪስ ውኃው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ ወጡ። ፊታቸውን ያየሁ ጊዜ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ ከማቋረጫው በኩል ጓ! ጓ! ጓ!

ሀዋ! ድምፁን ሰምታ ቀና ስትል ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ቁጭ ብላለች። አባቷ እንደማይዋሹ ታውቃለች፤ ፀሐይም አትዋሽም። የትኛው እንደሳተ ለመጠየቅ ጊዜ አላባከነችም፤ ብረቱን አነሳች። ቸርኬው ሲመታ ደግሞ ባለህበት ቁም ነው። በኋላ እንደሰማሁት በየቤቱ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ሴት የሾርባ ማንኪያ ከንፈሯ ላይ ደርሶ እንደ ሐውልት ቆማ ነበር አሉ።

ጀማል ከባጃጇ ሥር በሳቅ እየተንፈራፈረ ወጣ። አያ እንድሪስ ግን አልሳቁም። ካቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ። «ሠላሳ ዓመት አልዋሸም ነበር።»

«አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ሰው አንችን አያውቅሽም ልጄ። የሚያውቁት እኔን ነው። አሁን በሰዓቱ ባዞረውስ ማን ያምነኛል? ያንን ካርቶን ክፈቱት።»

አለቀስኩ። አልደብቅም፣ ጣቴ ላይ ግሪስ እንዳለ ፊቴን እየጠረግሁ አለቀስኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ያለከልካል። መጣብን አልኩ። እሱ ግን አያ እንድሪስ ፊት ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ አንድ የቴምር ፍሬ አለ፤ ራቁቱን፣ በደንብ የተላሰ።

«በላሁት» አለ።



«ስልኬ በዚህኛው እጄ ነበር። ሰዓቱን እያየሁ ነበር ወላሂ፤ ገና ሃያ ደቂቃ ይላል። ጡሩንባው ሲል ቴምሩ አፌ ውስጥ ነው። ቸርኬው ሲመታ ውጬዋለሁ።»

«ሌላስ ሰው በላ?» አሉት አያ እንድሪስ በጭንቀት።

«እየጠየቅሁ ነው የመጣሁት። ሁሉም ቆመዋል። እኔ ብቻ ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። አያ እንድሪስ ይመስሉኛል። ትከሻቸው ነበር የጀመረው፤ ከዚያ ጺማቸው፣ ከዚያ ሁለመናቸው። ጡሩንባ የሚያምን ሰው የለም ያለው ሰይድ! እሱም ራሱ እየሳቀ መነጽሩን አወለቀ። «ከረመዳን በኋላ አንድ ቀን ጾሜ አወጣለሁ፣ ምን አደርጋለሁ» አለ። ካርቶኑን ከፍ አድርጎ መልሶ ብብቱ ሥር ከተተውና «አያ፣ ተነሡ። ሰባት ደቂቃ ነው የቀረዎት» አላቸው።

ከምሽቱ 12:33

አያ እንድሪስ ፀሐይዋን አዩ፣ ሰይድ ስልኩን አየ፤ ተስማሙ። «ቢስሚላህ» ብለው መያዣውን ያዙ። እኔ መቅረጫዬን ከፍቼ ሦስት እርምጃ ራቅሁ፤ እጄን ከጀርባዬ አጣምሬ።

አንባቢ ሆይ፣ ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ማጉረምረም፣ ከዚያ ያ ድምፅ ከእግሬ ሥር ተነስቶ ጥርሴን አልፎ ጨፋ ሜዳን ሞላው። ውሾች አብረው ጮኹ። ጀማል በኩሽኔታው ኮርቶ «የእኔ ነው! የእኔ ነው!» ይላል። ሳላውቀው እየዘለልኩ ነበር። ድምፁ ወጣ፣ ቆመ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ዝም አለ።

ከዚያ ጸጥታ።

ሌላ ጊዜ ጡሩንባው ሲያበቃ ከየቤቱ «ቢስሚላህ» ይሰማል፣ ሳህን ይንኳኳል አሉኝ። አሁን ምንም የለም። በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ቤት አየሁ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቴምር በጣቱ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ማቋረጫው ሰጥቷል። መንደሩ በሙሉ ቸርኬ እየጠበቀ ነው! ሀዋም በበኩሏ፣ ኋላ እንደነገረችን፣ ላለመሳሳት ብላ ብረቱን ውስጥ ቤት ደብቃው ነበር፤ ቴምሯን ይዛ ቆማለች።

አያ እንድሪስ ይህ ገባቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጡሩንባው በኋላ አንድ ቃል ጨምረው አያውቁም። መያዣውን ለቀቁ፣ ካቡ ላይ ወጡ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሙሉ ጉልበታቸው ጮኹ፦

«ያ ጀማአ! እኔ ነኝ! ብሉ!»

በመጀመሪያ አንድ ቤት ሳቀ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ ሳቁ ከጎጆ ጎጆ እየዘለለ እስከ ሐዲዱ ድረስ ሄደ። ቀረጻዬ ላይ አለ፤ ጡሩንባው፣ ጸጥታው፣ ጩኸታቸው፣ ሳቁ። ሱቄ ውስጥ ስንት ድምፅ አለኝ መሰላችሁ፣ ይህንን ግን በምንም አልለውጠውም።

እኔን ሳይረሱ ሥጋ የሌለው፣ ምስር ብቻ የተጠቀለለበት ሳምቡሳ ለብቻው ሠርተውልኝ ነበር። ስድስት በላሁ። አያ እንድሪስ በጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ፣ ሰው በገባ ቁጥር «ይች ናት» እያሉ አሳዩኝ። የመንደሩን ስም ያልጻፍኩት ግን ለሰይድ ብዬ ነው፤ መምህር ነው፣ ተማሪዎቹ ቢያነብቡት ቴምሩን የበላው እሱ መሆኑን ያውቃሉ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

በማግሥቱ ባጃጇ አዲስ ኩሽኔታ አግኝታ፣ እኔም የጨፋን አቧራ ይዤ ተመለስኩ። ሱቄ እንደገባሁ ጀማል ደወለ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጡሩንባው ባለበት እንዲቆይ፣ ማጉያው ደግሞ ለመስጊዱ ለትምህርት እንዲሆን ወስኗል። ሐሳቡን ያቀረበው ሰይድ ነው።

«ዛሬ ማታስ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ጮኸ። በሰዓቱ ጮኸ። ግን ሰዉ አዲስ ልማድ አመጣ።»

«ምን?»

«ጡሩንባው ካበቃ በኋላ፣ ቸርኬ እንዳይከተል ብሎ፣ መንደሩ ሁሉ አንድ ትንፋሽ ይጠብቃል። አያ እንድሪስ ራሳቸው ይጠብቃሉ። ‹የአዲስ አበባዋ ትንፋሽ› ብለውታል።»

በሳቅ ሞትኩ። ሲበርድልኝ «ሰይድስ? እሱም አንድ ትንፋሽ ይጠብቃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰይድማ» አለ ጀማል፣ «ሁለት ይጠብቃል።»